ሾፌሬ የጠገናቸው ዕቃዎች

ሰኞ

ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ሾፌሬም ቤት ዋለ። ዓመቱን ሙሉ የሰው ልጆች ሲያመላልስ የከረመ ሰው ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ የተሰበረ ነገር ይፈልጋል። ዛሬ ቁርሱን ሳይጨርስ ተነስቶ ከመኪናው ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ አመጣና፣ በዚህ ክረምት እዚህ ቤት ውስጥ ስብርባሪ የሚባል እንደማይኖር አስታወቀኝ።

ሾፌሬ የምለው ባሌን ነው። ሠፈሩ ጋሼ ሰርቪስ ይለዋል። ይኼን ለማን እንደማስረዳ እንጃ፤ ደብተሩም የራሴ፣ ባሉም የራሴ።

የጀመረው በውሃ ጆጉ ነው፤ እጀታው ከወደቀ ቆይቷል። ከአንደኛው ቱቦ ሙጫውን፣ ከሌላኛው ማጠንከሪያውን፣ እኩል እኩል ቆርቆሮ ክዳን ላይ ጨምቆ በክብሪት እንጨት አማሰለ። የእሱ ኢፖክሲ ግራጫው ነው፣ ለመኪና ብረት የሚሆነው፤ እስኪጠነክር ያድራል። ሁለቱን ስባሪ ሲያስጠጋቸው ግን እርስ በርስ ይንቀጫቀጩ ጀመር። የስፌት መኪናዬን አቁሜ ስለነበር ሰማሁት። ቀና ብዬ ሳየው «ብርድ ነው» አለኝ፣ የግንባሩን ላብ በክንዱ እየጠረገ።

የዩኒፎርም ስፌት ከአሁኑ ተቆልሏል። የመነጽሬን እግር ደግሞ ባለፈው ሲሰበር ራሴው ለጥፌው ጉብ ያለ ነገር ሠርቻለሁ፤ ጆሮዬ ጀርባ ይቆረቁረኛል። ይሁን፣ እስካሳየኝ ድረስ ምን አለበት።

ማክሰኞ

ጠዋት ጆጉን አየሁት። እጀታው እንዳኮረፈ ሰው ፊቱን ወደ ጎን አዙሯል።

ሾፌሬ ጋራዥ ወጥቶ ነበር። ብርዱ ስላላደረቀው ሙጫው ገና ለጣት ይታዘዛል። ብዙም ሳላስብ ነቀልኩት። በአልኮል ጠረግኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አደረግኩት፣ ከዚያ እኔ ለጫማና ለአዝራር በምጠቀምበት፣ ጥርት ባለው ኢፖክሲ መልሼ ለጠፍኩት። የእኔው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ይይዛል። የልብስ ሰፊ እጅ ነውና ቀጥ አለ።

ከሰዓት ሲመጣ ጆጉን ወደ መስኮቱ አነሳና ዞር ዞር አድርጎ አየው። ፊቱ በራ። ግራጫው እንኳን አይታይም፣ ጥሩ አድርጌ ጠርጌዋለሁ አለ። እጅህ ይባረክ አልኩት። ምን ልበለው?

ሐሙስ

ችኮላ። ለነገ የሚደርስ ቀሚስ አለ። የመሳቢያው እጀታ፤ ነቀልኩ፣ ለጠፍኩ። የሳሙና ማስቀመጫው፤ እሱንም። የሾፌሬን ሱሪ ወገቡ ላይ አጠበብኩለት፣ እንደገና። ራቱን ግን ደርቦ ነው የሚበላው፤ የት እንደሚያደርገው እንጃ። በዚህ ዝናብ መስኮት ክፈቺ ይለኛል። ከፈትኩለት፣ ጋቢ ደረብኩ።

ቅዳሜ

ታናሽ እህቴ መጣች። ሾፌሬ እኔ ልቅዳልሽ ብሎ ሻዩን ግማሹን ለስኒው፣ ግማሹን ለሳህኑ አደረገው። የዘንድሮ ስኒ አፉ ጠቧል ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ማድ ቤት ተከትላኝ ገባች።

«እጁን አይተሽዋል?»

«ብርድ ነው።»

«ብርድ ማንን ሲያልበው አይተሻል? እህቴ፣ ነገር የሚቃናው ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ሐኪም ጋ ውሰጂው።»

ሰው ቤት እየመጣሽ በሽታ አትልቀሚ ብዬ ተቆጣኋት። ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች። ሳህኑን በንዴት ሳጥበው ለሁለት ተሰበረ። እሱንም ለጠፍኩት።

ሰኞ

ከጻፍኩ ሳምንታት አልፈዋል። በርጩማው አመለጠኝ። እኔ ዩኒፎርም ላይ ተደፍቼ ሳለሁ ሾፌሬ እግሩን ለጥፎ፣ ድንጋይ ጭኖበት ወጥቷል። ያን ዕለት ፀሐይ ወጥታ ስለነበር እኔ ትዝ ብሎኝ ስደርስ ደርቆ ብረት ሆኗል፤ ቢጎትቱት አይነቀልም። ትንሽ ያጋደለ መሰለኝ። ፈራ ተባ እያልኩ ተቀመጥኩበት፣ ቻለኝ።

አማቴ፣ የሾፌሬ አባት፣ በመጨረሻ ዘመናቸው ማንኪያውን አፋቸው ማድረስ አቅቷቸው እኔ ነበርኩ የማበላቸው። እሳቸውንም የጀመራቸው እጃቸውን ነበር። ይኼን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ስለ በርጩማው ነበር የምጽፈው።

ረቡዕ

ዝናቡ ሲብስ ለሾፌሬ ጃንጥላ ይዤለት ጋራዥ ወረድኩ። እሱና መካኒኩ ከመኪናዋ ወዲያ ማዶ ነበሩ፣ አላዩኝም። መካኒኩ ልጃችን ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ ሾፌሬን እንደ አባት ነው የሚያየው። ልጠራቸው ስል መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰማሁት።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ትንሽ ቢያርፉስ?»

«እኔም አስቤ ነበር» አለ ሾፌሬ። «እጄ አላምር ብሎኝ ለትምህርት ቤቱ ቁርጡን ሳልነግራቸው ቆየሁ። ከዚያ ለራሴ አልኩ፤ ክረምቱን እጄን ልፈትነው። የለጠፍኩት ቀጥ ካለ እነዳለሁ፣ ከተጣመመ ቁልፉን አስረክባለሁ። ሂድና ቤቴን እይ። ጆጉ፣ መሳቢያው፣ የሳሙና ማስቀመጫው፣ ሁሉም ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው። ትናንት እሺ ብያቸዋለሁ።»

ጃንጥላውን በር ላይ አስደግፌ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ቀሚሴ ከላይ እስከ ታች ተነክሮ ነበር፤ ይዤ የሄድኩት ጃንጥላ፣ የተደበደብኩት በዝናብ።

አሁን እሱ ተኝቷል፣ እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ለካ ሰውየው ፈተና ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ደግሞ ከጎኑ ሆኜ መልሱን እሠራለታለሁ። እሱ ምን አጠፋ? እጁን ጠየቀ፣ እጁ እውነቱን መለሰለት፤ መልሱን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። እጅህ ይባረክ ብዬ የልብ ልብ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ደስ እንዲለው ነበር። እውነት እሱ ደስ እንዲለው ነበር ወይስ እኔ እንዳላይ?

ጆግ ቢጣመም የሚፈሰው ውሃ ነው። መኪናዋ ውስጥ የሚቀመጡት ግን የሰው ልጆች ናቸው። ነገ እነግረዋለሁ።

ሐሙስ

ልነግረው ነበር። ቁርስ ላይ አፌን ከፈትኩና ዳቦ ጨመርኩበት። ምሳ ላይ እሱ ደስ ብሎት ስለ አዲሱ ዓመት መንገድ ያወራ ነበር፤ የቱ ሠፈር ማንን መጀመሪያ እንደሚያነሳ። ከምሳ በኋላ የራዲዮኑን ቁልፍ ለጥፎ ወጣ። ሄጄ አየሁት፣ ተጣሟል። ነቀልኩት፣ አቃናሁት። ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዲሉ።

ከራሴ ጋር ተኳርፌ ዋልኩ።

ቅዳሜ

ጎረቤታችን መምህርቷ ልጇን ለዩኒፎርም ልክ አመጣቻት። ወላቋ እላታለሁ፤ የፊት ጥርሶቿ ባንድ ሳምንት ነው የለቀቋት። ክንዷን ዘርግታ ቆማ ስለካት ከጋሼ ኋላ ያለው ወንበር የእሷ እንደሆነ፣ ሌላ ልጅ እንዳይቀመጥበት እንድነግርላት አደራ አለችኝ።

እናቷ ሳቀችና «እውነቴን ነው፣ ከእሳቸው ጋር ስትሆን ልቤ ያርፋል» አለችኝ።

አዎ አልኳት። መርፌው አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። ደሙ ነጩን ኮሌታ ስለነካው በቀዝቃዛ ውሃ ሳጥበው አመሸሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሰው በሽታ የደበቀችስ?

እሑድ

ሾፌሬ መኪናዋን ግቢ ሲያስገባ የበሩን ምሰሶ ሳመው። የጎን መስታወቱ ክንድ ከሥሩ ተሰንጥቆ ተንጠለጠለ። እንጀራ ያወጣልን እጅ... ምን ልጽፍ እንደነበር ጠፋኝ። ብቻ ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ።

በሩ ጠቧል አለ በመጨረሻ። በር እንደ ሰው ይወፍራል እንዴ አልኩት። ለመሳቅ ሞከርን። ነገ እለጥፈዋለሁ፣ ለትምህርት መክፈቻ ይደርሳል አለና ገባ። ያ ደግሞ የፊታችን ሳምንት ነው።

ሰኞ

መስታወቱን ለጠፈው። ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀበት። ስንጥቁን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፣ ግራጫውን አማሰለ፣ ቀባ፣ ክንዱን ገጠመና በፕላስተር አሰረው። እጁ አልታዘዝ ሲለው በጉልበቱ ደገፈው፣ በትከሻው ደገፈው። ከመስኮት ሆኜ ሳየው አንጀቴን በላው። ሲጨርስ ደክሞት ጋደም አለ።

ወጣሁ። መስታወቱ ተንጋሏል። ገፋ ቢያደርጉት ይቃናል፤ ገና ለጣት ይታዘዛል። አልኮሉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ጥርት ያለውም ኪሴ ውስጥ ነው። እንዴት እንደያዝኳቸው እንኳን አላስታውስም፣ እጄ ለምዶ ነው።

እጆቼን ሽርጤ ውስጥ ጠቀለልኳቸውና ተመልሼ ገባሁ። አልነካሁትም። እየጻፍኩ ሳለሁም ተነሺ ተነሺ ይለኛል። አልነሳም።

ማክሰኞ

በጠዋት ወጥቶ መሪው ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን አላስነሳም። በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ብዙ ቆየና ጠራኝ።

«ነይ እስቲ፣ እኔ ቦታ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ።

«መስታወቱ ውስጥ ምን ይታይሻል?»

«ሰማይ» አልኩት። እውነትም ሰማይ ብቻ ነበር፤ ትንሽ ደመናና የስልክ ሽቦ። መንገድ የለም፣ ከኋላ የሚመጣ የለም።

ጆጉ ቀጥ ብሎ ይኼ እንዴት ተጣመመ ብሎ አሰበ፣ ጮክ ብሎ ነው የሚያስበው። ብረት ስለሆነ ይከብዳል አለ። አይ፣ የመሳቢያው እጀታም ብረት ነው አለ። ያኔ ነገርኩት። መሪውን እንደያዝኩ፣ ፊቱን ሳላይ፣ ከጆጉ ጀምሬ ነገርኩት። ጋራዥ የሰማሁትንም ጨመርኩ።

ወርዶ ቤት ገባ። ስከተለው ዕቃዎቹን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል፤ መሳቢያውን ሳይቀር አውጥቶታል። ጆጉን አነሳ።

«ይኼስ?»

«እኔ ነኝ።»

የመሳቢያው እጀታ። እኔ። የሳሙና ማስቀመጫው፣ የራዲዮኑ ቁልፍ። እኔ፣ እኔ። ሳህኑን አነሳና ይኼን እንኳን እኔ መስበሬም ትዝ አይለኝም አለ። ራሴ ሰብሬ ራሴ ነኝ የለጠፍኩት አልኩት። ማንን ጭኜ ልሄድ እንደነበር ታውቂያለሽ ብሎ ጠየቀኝ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። አውቃለሁ አልኩት። ከጩኸት በላይ ነው ያመመኝ።

መጨረሻ ላይ በርጩማውን በእግሩ ሳብ አደረገው።

«ይኼስ?»

«እሱ ያንተ ነው። አልነካሁትም።»

ተቀመጠበት። ወደ ግራ አጋደለ እንጂ ቻለው። እዚያው ተቀምጦ ሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ። እጆቹን ያዝኳቸው። እንደታሰረ ወፍ ነበሩ።

አባቴን የጀመረው እንዲህ ነበር አለኝ። አውቃለሁ፣ እኔም እሱን ነው የፈራሁት አልኩት። ይኼን ሁሉ ጊዜ አንድ ፍርሃት ለሁለት ተደብቀን ስንፈራ ከርመናል። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጆጉ ውስጥ ጣለውና ነገ ሐኪም ጋ ውሰጂኝ አለ።

ረቡዕ

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ጥያቄዋ ግን የአሮጊት ነው። እጁን ወደ ፊት አዘርግታ ጣቶቹ ላይ ወረቀት አኖረች፤ ወረቀቱ ተርገፈገፈ። አንገቱን ዳሰሰች። ልቡ ይደልቅ እንደሆነ፣ ሙቀት ይጠላ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ክብደት ቀንሰዋል? ልብስ ሰፍቶዎታል?»

ሾፌሬ ወደ እኔ ዞረ። «አልሰፋኝም» አለ። «እሷ ታጠብበዋለች።»

ደነገጥኩ። ለካ በመርፌም ስደብቅ ኖሬያለሁ። የሱሪውን ነገር፣ የመስኮቱን ነገር፣ ደርቦ መብላቱን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ዘብ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር እንዴ አለ፣ ለሐኪሟ ነው ያለው።

አንገቱ ላይ ያለው ዕጢ ከልኩ በላይ እየሠራ ይመስለኛል፣ ደሙ ይንገረን አለች። ሾፌሬ የአባቱን በሽታ በስሙ ጠርቶ እሱ አይደለም ወይ አላት። እንደገና መረመረችው፤ አስቀመጠችው፣ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈችው፣ አስኬደችው። አይመስለኝም አለች። ግን ደሙ ይምጣ።

ዓርብ

ዕጢው ነው። የአባቱ አይደለም። ክኒን ይወስዳል፣ በሳምንታት ውስጥ እጁ ይረጋል፣ እስከዚያ መንዳት የለም።

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሾፌሬ ምን ሆነሽ ነው፣ የታመምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ አለ። ለመነሳት እሱ ነው የደገፈኝ።

ለእህቴ ደወልኩላት። ይቅርታ ለማለት ቃል ስፈልግ እሷ ቀድማ ደረቀ ወይስ በእርጥቡ ደረስሽ አለችኝ። በእርጥቡ አልኳት። ነገ ሻይ ትጠጣለች።

ማታ ላይ ውል ገባን። ከእንግዲህ አንዱ የለጠፈውን ሌላው አይነካም። ተጣሞም ይቅር።

ሰኞ፣ የትምህርት መክፈቻ

መኪናዋን መካኒኩ ነዳት። መስታወቱንም አዲስ ገጥሞላታል። ሾፌሬ ራሱ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ ለዳይሬክተሩ ሁሉንም ነግሯቸው ነበር፤ ከዚያ በየቤቱ ለወላጆች። መምህርቷ ጋ ስንደርስ እኔ ነኝ የተናገርኩት፣ አዎ ያልኳትን አስታውሼ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ ስለነገርሽኝ ነው ነገም ልጄን የምሰጣችሁ አለችኝ።

ሾፌሬ ግን ቤት አልዋለም። በር እየከፈተ፣ ልጆች እያወረደ፣ ረዳት ሆኖ ሄደ። ወላቋ ከሾፌር ወንበር ኋላ ተቀምጣ፣ ጋሼ በጥፋት ነው ከመሪው የወረዱት ብላ ጠየቀችው አሉ። አዎ፣ ጥፋቴን ተምሬ እመለሳለሁ ብሏታል።

ሐሙስ

ክኒኑን ከጀመረ ሳምንታት አልፈዋል፤ እየሠራ ነው። ሻይ ቀዳልኝ፤ ሳህኑ ደረቅ። ሁለታችንም አየነው።

ሱሪው ወገቡ ላይ ያዘው። ስፌቱን ፈታሁለት። እንዲህ ደስ እያለኝ ስፌት ፈትቼ አላውቅም።

ማክሰኞ

ሐኪሟ ፈቀደች። ያንኑ ወረቀት ጣቶቹ ላይ አኖረችው፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ይመስል ተኛ። መካኒኩ ለሳምንት ያህል አብሮት ተቀምጦ ሊያየው ነው፤ ይኼን ያለው ራሱ ሾፌሬ ነው።

ቤት ስንመለስ መሣሪያ ሳጥኑን ከፍቶ ሲጎረጉር ቆየ። ምን ተሰበረ አልኩት። ምንም አልተሰበረም አለ፣ ትንሽ አኩርፎ።

እሑድ

ልጽፍ ተቀምጬ መነጽሬን አደረግኩ። አንድ ነገር ጎደለኝ። ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም፤ ደግሞ አውልቄ መልሼ አደረግኩት። ጆሮዬ ጀርባ የሚቆረቁረኝ የለም።

መብራቱ ሥር ወስጄ አየሁት። ያ የእኔ ጉብታ ተፍቋል። በቦታው ክር የምታክል ግራጫ መስመር አለች፣ ዙሪያውን እኩል የሄደች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ መርፌ ይዤ እንዲህ ያለ ቀጭን መስመር አላወጣሁም። ጥፍሬን አስኬድኩበት፣ አልያዘውም። ትናንት ከሰዓት ጋደም ባልኩበት ይሆናል፤ መነጽሬን የማወልቀው ያኔ ነው።

ውላችንን አፈረሰ ማለት ነው።

ሾፌሬ ወዲያኛው ክፍል ራዲዮ ይሰማል። የማይሰማውን ያህል ድምፁን ዝቅ አድርጎታል። እስክሪብቶዬ ሲቆም ጊዜ ምነው ዝም አልሽ አለኝ።

ምንም፣ እየጻፍኩ ነው አልኩት።